«መጽሐፉ ብዙ ያስተምራል» ካላችሁ በኋላስ?

(ደሴ ላይ ለወጣት አንባቢዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ? ከሆጤ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውሃ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተጋፍታችሁ የደረሳችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሐይቅ የመጡ ልጆችም እንዳሉ ሰምቻለሁ። እናንተማ ለጥቂት ደቂቃ ወሬ ስትሉ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት፤ ባሳፍራችሁ ይቅር በሉኝ።

ስለ ንባብ ጥቅም አልናገርም። በዕረፍት ቀኑ እዚህ መጥቶ የተቀመጠ ሰው «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ተብሎ ቢሰበክ ያዛጋል። እኔም አዛጋለሁ። ማውራት የምፈልገው ከንባብ በኋላ ስላለው ነገር ነው። አንብበን ስንገናኝ አፋችን ለምን ይያዛል?

መቼም የምታውቁት መድረክ ነው። አንድ ልጅ ይነሣል። የደራሲውን ስም ይናገራል። የገጹን ብዛት ይነግረናል፤ ልንገዛው ይመስል ዋጋውንም ይጨምርልናል። ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርካል። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ አንድም ሳያስቀር። መጨረሻ ላይ «መጽሐፉ ብዙ ያስተምራል፤ ያላነበባችሁ ብታነቡት እላለሁ፤ አመሰግናለሁ» ይላል። ይጨበጨባል። ቀጣይ!

ያው ልጅ ግን ሲወጣ ደረጃው ላይ ጓደኛውን ይይዝና «እንዴ! ያቺን ሴትዮ ጥሏት ሲሄድ በጣም ነው ያበሸቀኝ። እኔ ብሆን አላደርገውም። ደራሲው ግን ትክክል ነው ያለው ይመስላል፣ አይደል?» ይለዋል። ጓደኛው ይመልስለታል። ይከራከራሉ። እስከ ፒያሳ ድረስ እየተከራከሩ ይወርዳሉ። እኛ የተሰበሰብነው ይህንን ለመስማት ነበር። ደረጃው ላይ ቀረ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? በከፊል ከክፍል ነው። ከትንሽነታችን ጀምሮ አንድ ምንባብ ይሰጠናል፤ ከስሩ ጥያቄ ይከተላል። የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው? ከምንባቡ ምን ተማራችሁ? መልሱ አንድ ነው፤ እሱም መምህሩ ጋ ነው ያለው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከሚሉት ምርጫዎች ውስጥ «ምንባቡ ደበረኝ» የሚል የለም። «ጸሐፊው ተሳስቷል» የሚልም የለም። እንዲህ እየተጠየቀ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ልብ ወለድ ሲይዝም መልሱን ነው የሚፈልገው። ሲያገኘው ይነግረናል፤ ካላገኘው ደግሞ «ብዙ ያስተምራል» ይላል። ይህ ሐረግ ማንንም አይጎዳም። ከመጽሐፉ ጋርም ምንም ግንኙነት የለውም።

ሌላው ምክንያት ከእናንተ ዕድሜ ይበልጣል። በ1960ዎቹ የአገሪቱ ተማሪዎች መጽሐፍ በቡድን ያነቡ ነበር። የጥናት ክበብ ይሉታል። የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም በተማሪዎች እንቅስቃሴ ስማቸው የሚነሣ ልጆች የወጡበት ነው፤ ዋለልኝ መኮንን አንዱ ነው። አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ተደብቆ ይነበባል፣ ሌሊቱን ክርክር ይደረግበታል። ክርክሩ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ከመጽሐፉ ይልቅ የፖለቲካ መስመሩን የሚያነብ ብዙ ነበር። ቢሆንም ያነበቡትን የሚያወሩት ሕይወታቸው የተያያዘበት ያህል ነበር።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ቤት ውስጥ የተገኘ መጽሐፍ ባለቤቱን የሚያስጠይቅበት ጊዜ ሆነ። ያቃጠለ አለ። ጓሮ የቀበረ አለ። ስለዚህ አያታችሁን «የመጽሐፍ ክበብ ልሄድ ነው» ስትሏቸው ፊታቸው ትንሽ ቢለወጥ አትፍረዱባቸው። «ክበብ» የምትለዋ ነገር ምን እንዳስከተለች ያውቃሉ። ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ የአነጋገር ዘዴም አለ፤ ሐሳባችንን ባለቤት ማሳጣት። «አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት…» እንላለን። እነዚያ አንዳንድ ሰዎች እኛው ነን። ወሎዬ ደግሞ ሲጨመርበት ሰው ማስቀየም አንወድም። የማንስማማበትን ሐሳብ ሰምተን «አብሽር፣ ጥሩ ብለሃል» ብለን እናልፋለን። ለሰርግና ለለቅሶ ይህ ጠባይ ወርቅ ነው። ለመጽሐፍ ውይይት ግን ገዳይ ነው።

«ስለ መጽሐፍ መጨቃጨቅ የእኛ ባህል አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን እሺ አትበሉት። ከዚህ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሂዱና ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት ገዳም ነው። እሳቸው ያጻፉት ወንጌል አለ። በዚያ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል። አስቡት፤ 700 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ስንት ትምህርት ቤት ነው የመጻሕፍቱን ዝርዝር በትክክል የያዘ?

ግን መጻሕፍት መኖራቸው ብቻ አይደለም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ሲጨርስ ኪሱ ውስጥ አይከተውም። ቅኔ በሚያርመው አስነጋሪ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል። ይታረማል፣ ይቃናል፣ አንዳንዴም ይሳቅበታል። መጽሐፍ ቤት ደግሞ መምህሩ አንዷን ጥቅስ ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ ትርጓሜ ይደረድሩባታል። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ መልስ ብቻ አለው ያሉት እነሱ አይደሉም።

ወደ ደረሳው፣ ወደ እስልምና ትምህርት ተማሪው ኑ። የወሎ ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሼኽ ወደ ሼኽ ይዞራል። አንዱ ዘንድ ነሕው (የአረብኛ ሰዋስው)፣ ሌላው ዘንድ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ)፣ ሌላው ዘንድ ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ይማራል። ዳና፣ ገታ፣ ጃማ ንጉሥ የሚባሉት ቦታዎች የታወቁት በዚህ ነው። ደረሳው ሼኹ ፊት ቁጭ ብሎ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ሼኹ ያስቆሙታል፤ ይጠይቁታል። አልገባውም እንደሆነ ሁሉም ያያል። በዜማ የሚባለውን የውዳሴ ግጥም፣ መንዙማውንም ተመልከቱ። በ19ኛው መቶ ዘመን እነ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በአረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ወሎ ውስጥ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስናወራ ይህን ግማሽ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ ይቆጨኛል። ያ ግጥም ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የሚኖረው ግን ጀመዓ፣ የተሰበሰበ ሰው መሀል ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በዚህ አገር ጥግ ይዞ፣ ዝም ብሎ፣ ብቻውን የሚያነብ ሰው ነው አዲሱ እንግዳ።

ልዩነት የለም አልልም። ቅኔ ቤት የኔታ አሉ፤ ቂርአት ቤት ሼኹ አሉ። የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው። እናንተ ክበብ ውስጥ የኔታ የለም። ልብ ወለድ ላይ የመጨረሻ ቃል ያለው ሰው የለም፤ ደራሲው ራሱ ቢመጣ እንኳ። ስለዚህ ከእነሱ የምትወስዱት ድፍረቱን ነው፤ ያነበቡትን ሰው ፊት ማውጣትን፣ ሲያስቆሟችሁ መመለስን።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። እዚሁ አካባቢ ወጣቶች ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወያዩ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። የሀዲስ ዓለማየሁ ነው፤ በ1958 የታተመ፤ ታሪኩ ጎጃም ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍቅረኞቹ፣ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ነው። ቀጥሎ የማኅበረሰቡን ልማድ የሚተቸው ጉዱ ካሳ ተወደሰ። (ጉዱ ካሳን አልወድም የሚል አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም። ሰውየው በአካል ሰፈራችን ቢመጣ ስንቶቻችን ቡና እንደምንጠራው ግን እጠራጠራለሁ።) «ብዙ ያስተምራል» ልንባል ትንሽ ሲቀረን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«እኔ አልጨረስኩትም» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። «ባለ መሬቱ ፊታውራሪ መሸሻና ገበሬዎቹ የተጣሉበት ቦታ ላይ ደርሼ አቆምኩት።»

ለምን ተባለች።

«አያቴን ልጠይቃት ፈልጌ ነው።»

አያቷ የጭሰኛ ልጅ ናቸው። «አባትሽ ለባለ መሬቱ ምን ይሰጥ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከምርቱ ድርሻ አለ። ለበዓል በግ አለ፣ ማር አለ። አጥር ማጠር፣ እህል ማጓጓዝ፣ ከራስ እርሻ በፊት የጌታውን ማረስ አለ። አያትየው ይህን ሁሉ ተቀምጠው፣ እንደ ቀላል ነገር ነገሯት። ከዚያ ልጅቷ አንድ ነገር አነሣች። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። በዚያው ዓመት ወሎ ውስጥ ረሃብ ነበር። ዓለም ያየው የ1965 እና 66ቱን ነው፤ የ58ቱ ብዙም አይወራለትም። «አዲስ አበባ ላይ ሰው ይህን መጽሐፍ ገዝቶ ሲያነብ የኔ ቤተሰብ ምን እየበላ ነበር እያልኩ ማንበብ አቃተኝ» አለች።

ቤቱ ጸጥ አላለም፤ እንዲያውም ተንጫጫ። አንዱ «የኔ አያት ደግሞ ባለ ርስት ነበሩ» አለና ራሱ ደነገጠ። ሌላው ጭሰኝነትን ያስቀረውን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ አነሣ። አንዷ ደግሞ ያላሰብኩትን ጥያቄ አመጣች። ደራሲው ፊታውራሪ መሸሻን ለምን አስቂኝ አደረጓቸው? በሳቅንባቸው ቁጥር ይቅር እያልናቸው አይደለም ወይ? አንዱ ወገን፣ መሳቅ ጌታን ከዙፋኑ ማውረድ ነው አለ። ሌላው፣ የሚያስቅ ጌታ አያስፈራም፣ እውነተኛው ጌታ ግን ያስፈራ ነበር አለ። አልተስማሙም። መጽሐፉን ከፍተው ቦታውን እየፈለጉ፣ «ይኸው፣ እዚህ ጋ አንብብ» እየተባባሉ ነበር የወጡት። እኔ መጽሐፉን ደጋግሜ ያነበብኩት ሰው ነኝ፤ ያ የሳቅ ጥያቄ ግን መጥቶልኝ አያውቅም።

ይህን የነገርኳችሁ ልጅቷን ላደንቅላችሁ አይደለም። ውይይቱ ምን እንዳስነሣው እንድታዩት ነው። የት ላይ እንዳቆመች ተናገረች፤ ለምን እንዳቆመች ተናገረች። ሌላ ምንም የለም። ታሪኩን አልተረከችልንም፤ ትምህርቱንም አልነገረችንም። ስለዚህ በክበባችሁ ውስጥ ያልጨረሰ ሰው እንዳይናገር የሚከለክል ሕግ ካለ ቅደዱት። መጽሐፍ የሚቆመው በሆነ ምክንያት ነው። ሰልችቶት ከሆነ የት ሰለቸው? ተናዶ ከሆነ ማን አናደደው? ቋንቋው ከብዶት ከሆነ ያቺ ገጽ ትነበብና ሁላችንም እንይዋት።

ሌላ የማሸማቀቂያ ዘዴ አለን። «አንተ እኮ በዩቲዩብ ትረካ ነው የሰማኸው፤ አላነበብከውም» እንላለን። ይህን ለአባቶቻችሁ ንገሯቸው እስኪ። ያንኑ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቱ ሰው ነው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ያወቀው? ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። ክፍሉ ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። የሰማ ሰው ይናገር። ለማስረጃ ገጽ መግለጥ ሲያስፈልግ የያዘው ይገልጥለታል።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር ልግባ። ብዙዎቻችሁ የምታነቡት የስኬትና የአስተሳሰብ ለውጥ መጻሕፍትን ነው። አብዛኞቹ ትርጉም ናቸው። እኔ አልንቃቸውም። ከባድ ጊዜ ላይ ያለ ሰው የሚያበረታውን ቢፈልግ ምን ይገርማል? ለውይይት ግን አይመቹም፤ መልሱን ራሳቸው ጨርሰውታልና። ለእናንተ የቀረላችሁ አሜን ማለት ብቻ ነው። የግድ ከመረጣችኋቸው ታዲያ አገራችሁ አምጥታችሁ ፈትኗቸው። «ስኬታማ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል» ይላል መጽሐፉ። ሱብሒ የሚሰግዱት አባት፣ ኪዳን የሚያደርሱት እናት ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሰዓት ተነሥተዋል። ሀብታም ሆኑ ወይ? ካልሆኑ ጉድለቱ የማን ነው? ይህን ጠይቁና መጽሐፉ ምን እንደሚመልስ እዩ። ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ስለ መጽሐፍ አቅርቦት ብዙ አላለቅስም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የመጽሐፍ ዋጋም ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። የቀረው ስልክ ነው። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይዞራል፤ እዚህ ካላችሁት ውስጥ ያላወረደ እጁን ያውጣ ብል ማንም እንደማያወጣ አውቃለሁ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ግን የቅጂ መብት አዋጅ የሚባል አለ፤ ቁጥር 410/1996። ከአዋጁም በላይ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በሕይወት ያለ፣ ኪራይ የሚከፍል፣ ማተሚያ ቤት ዕዳ ያለበት ሰው ነው። የሱን መጽሐፍ በነፃ አውርዳችሁ ስለ ፍትሕ ስትወያዩ ነገሩ ትንሽ አይከብዳችሁም?

መላ አለው። ዕቁብ ታውቃላችሁ። የመጽሐፍ ዕቁብ ግቡ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጡ፤ በተሰበሰበው አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ግዙ። ዕጣ የወጣለት ቀድሞ ያነባል፤ መጽሐፉ ዞሮ ሲጨርስ እሱ ጋ ይቀራል። መዞሩ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ አጫጭር ልብ ወለዶችን ምረጡ። አንድ አጭር ታሪክ ቁጭ ብላችሁ፣ በየተራ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡና እዚያው ተወያዩ። የቤት ሥራ የለም። አላነበብኩም የሚል ሰበብም የለም። እንዲያውም እኔ ብጠየቅ ክበቦች ሁሉ በዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። 400 ገጽ መርጦ ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት የተበተነ ክበብ ብዙ አይቻለሁ።

ማን ይናገራል የሚለውም አለ። በየክበቡ አንድ ሊቅ አይጠፋም። እጁን ሳያወጣ ይናገራል። ከተነሣው መጽሐፍ ይልቅ ያልተነሡ ሰባት መጻሕፍትን ይጠቅሳል። እባካችሁ ውደዱት፤ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚያውሳችሁ እሱ ነው። ግን መጨረሻ ይናገር። ሲናገርም ገጽ ይክፈት። «ደራሲው እንዲህ ይላል» ካለ «የት?» በሉት። ይህቺ «የት?» የምትባል ጥያቄ ለሁሉም ትሠራለች። ያለ ጠብ ታከራክራለች። ሰውየውን ትተን መጽሐፉን ስለምናይ ማንም አይቀየምም። ለእኛ ለወሎዎች በተለይ ትመቻለች።

ሴቶቹስ? ብዙ ክበብ ውስጥ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ምክንያቱን ሁልጊዜ ዓይን አፋርነት አታድርጉት። ስብሰባችሁ 12 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ውይይቱ ሲሞቅ ይመሻል። የደሴን ዳገት በጨለማ ብቻዋን የምትወጣ ልጅ አፏ መጽሐፉ ላይ፣ ልቧ መንገዱ ላይ ነው። ሰዓቱን ቀይሩት። ቀን አድርጉት። በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር በፊት ያለችውን ሰዓት ተዉአት፤ በዐቢይ ጾምም ሰውን ቀኑን ሙሉ ሳይበላ አምጥታችሁ አታድክሙት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ክበብ ውስጥ ሲቀመጡ ይህን ማሰብ ለወሎ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤት ውስጥ እንኳ ስናደርገው ነው የኖርነው።

ስለ ቲክቶክ እንድናገርም ተጠይቄ ነበር። አጭር መልስ ነው ያለኝ። አንድ ደቂቃ ውስጥ መጽሐፍን ማስተዋወቅ ይቻላል፤ እዚያ ላይ ሰውን የሚያስገዛ ነገር የሚሠሩ ጎበዞች አሉ። ከመጽሐፍ ጋር መጣላት ግን አንድ ደቂቃ አይበቃውም። ቪዲዮውን ሥሩ፤ ከዚያ ኑና እዚህ ተጣሉ።

ብዙ አወራሁ። የዛሬዋ አጭር ታሪክ ለሁላችሁም እንደተሰጠች ተነግሮኛል። ስለ ደራሲዋ ሕይወት ማብራሪያ ያዘጋጀ ወንድማችን አለ፤ በመጨረሻ ይቅረብልን። ማይኩ ከኋላ በኩል ይጀምር። ግማሽ ላይ የተዋት ሰው ካለ ቅድሚያ የሱ ነው። ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳቆመ ይንገረንና ያቺን ገጽ እናውጣት።